ብርቱካኑ ምን አጠፋ

አዛኑ ገና ሳያልቅ መህዲ የብርቱካኑን ሳህን ወደ ዩሱፍ ገፋ፤ ፋሪዳ ደግሞ መልሳ ወደ መህዲ ገፋችው።

"ተምሩን ቀምሷል፤ አሁን ሾርባውን ይጠጣ" አለች። "ብርቱካን በባዶ ሆድ አይሆንም ብያለሁ።"

"ማነው አይሆንም ያለው? ፍራፍሬ እንዲያውም በባዶ ሆድ ነው የሚበላው። ምግብ ላይ ሲደረብ ነው ሆድ ውስጥ የሚቦካው።" መህዲ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ነይ ቪዲዮውን ላሳይሽ። ዶክተር እኮ ነው የሚናገረው።"

"የስልክህን ዶክተር ለራስህ ያዘው። ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድረው ካንተ ጋር አይደለም።"

ዩሱፍ የፋሪዳ ባል፣ መህዲ ታናሽ ወንድሟ ነው። ቤቴል የሞባይል ዕቃ ይሸጣል፤ ገና ስላላገባ በረመዳን የሚያፈጥረው እህቱ ቤት ነው። ስለ ጤና የማያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ሁሉ ግን ደንበኛ ሲጠፋ ስልኩ ላይ ያየው ነው። በዚህ የተነሳ ከእህቱ ጋር ሳይጨቃጨቁ ያፈጠሩበት ቀን ጥቂት ነው።

ዩሱፍ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። በመጀመሪያው ውሃ የወገቡን ክኒን ዋጠ፣ ሾርባውን ፉት አለ፣ ከዚያ ማንንም ላለማስቀየም አንዲት ቁራጭ ብርቱካን አነሳ። ልጁ ሰልዋ ሳህኑን ወደ ራሷ ስባ የቀረውን ጨረሰችው። በእሷ ላይ ማንም አልተከራከረም።

አየር ጤና አካባቢ ሰው ሁሉ የጨጓራ ሐኪም ነው። ጨጓራዬን ያመኛል ማለት ብቻ ይበቃል፤ የታክሲው ረዳት ተልባ ያዝልሃል፣ ባለሱቁ አብሽ፣ ጎረቤታቸው ፈትያ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ በማር። ዩሱፍ ረመዳን ከገባ ጀምሮ ሁሉንም ሞክሯል። በመህዲ ምክር በፍራፍሬ አፈጠረ፤ አመመው። በፈትያ ምክር ፍራፍሬውን ከእራት በኋላ አደረገው፤ አመመው። አናናስ ተከለከለ፣ ማንጎ ተከለከለ፣ ፓፓያ ብቻዋን ተፈቀደላት፣ እሷም አላዳነችውም። ሕመሙ ሰዓት አይስትም፤ ማታ የተራዊህ ሶላት ሲጀመር ከደረቱ በታች እሳት የተጫረበት ያህል ይነሳበታል። ስለዚህ መስጊድ ውስጥ በር አጠገብ መቆም ለመደ። ሲብስበት ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥና ሰው ሲያልፍ ስልክ የሚያናግር ይመስላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ብርቱካኑ ጥፋተኛ እንዲሆን ከሁሉም በላይ የሚመኘው ራሱ ዩሱፍ ነበር። ጥፋቱ የብርቱካኑ ከሆነ ጾሙን የሚነካበት የለም። ዩሱፍ ጾም ከጀመረ አንስቶ አንድም ቀን አጉድሎ አያውቅም። ወባ ይዞት ሲያንቀጠቅጠው ጾሟል። ሶፋ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ጾሟል። አባቱ ከስልጤ በርበሬ እየጫነ ሲነግድ፣ መንገደኛ እንዲያፈጥር እንደተፈቀደለት እያወቀ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ነኝ ብሎ ጾሙን ፈትቶ አያውቅም ነበር። የሰፈሩ ሰው ልጁን ሲመክር "ጾም እንደ ዩሱፍ ነው" ይላል። ዩሱፍም እንዲህ መባሉን፣ አላህ ይቅር ይበለውና፣ ይወደው ነበር።

በማግስቱ ሳይነጋ ሱሁር ላይ ሰልዋ ዓይኗን እያሸች መጥታ ገበታው ላይ ተቀመጠች። አራተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ እስከ ቀትር መጾም ጀምራለች።

"ዛሬ ሙሉ ቀን ነው የምጾመው" አለች። "እንደ አባዬ።"

"ግማሽ ቀን ይበቃሻል" አለች ፋሪዳ።

"ግማሽ ቀንማ የሕፃን ነው።"

ዩሱፍ ሳቀና ራሷን ዳበሳት። ደስ አለው። ጥቂት ቆይቶ ተነስቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደ።

ያየው ነገር ጥቁር ነበር። እንደ ሬንጅ የጠቆረ። ብርቱካን ጥቁር አይደለም፤ ፓፓያም ጥቁር አይደለችም። ዩሱፍ ሐኪም ባይሆንም ይህ ደህና ነገር እንዳልሆነ ገባው፤ ፈራም። ውሃ ደፋበት፣ ደግሞ ደፋበት፣ እጁን ታጠበ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ወጣ። ፋሪዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። ብርቱካኑ መሰለኝ።"

ፋሪዳ ወደ ጓዳ ገብታ ከቅርጫቱ የቀሩትን ብርቱካኖች በፌስታል ቋጥራ አወጣችና ሲነጋ ለፈትያ ሰጠቻት።

ዩሱፍ ሶፋ የሚሠራበት ቤት ከአየር ጤና አደባባይ ገባ ብሎ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። ከቀለመወርቅ ጋር በሽርክና የከፈቱት ከሰልዋ መወለድ በፊት ነው። ቀለመወርቅ የሸዋ ሰው ነው፤ እንጨቱን እሱ ያገጣጥማል፣ ስፖንጁንና ጨርቁን ዩሱፍ ያለብሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ስለሚገቡ ሁለቱም በአንድ ወቅት ጾመኛ ሆነዋል። ቀለመወርቅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዩሱፍ እስከ መግሪብ። ቀልዱም የመጣው ከዚህ ነው።

"ሼኩ፣ እንዴት አደርክ? ፊትህ ገርጥቷል።"

"ያንተን ፊት ነው መስታወት ላይ ያየኸው፣ ዲያቆን።"

"እኔማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እገላገላለሁ። ላንተ ነው የማዝነው።"

"ዘጠኝ ሰዓትማ ጾም ነው እንዴ? ቁርስ ማዘግየት ነው እንጂ።"

ይህን ቀልድ በየዓመቱ ይቀላለዳሉ፤ አንድም ቀን ተቀያይመው አያውቁም። ደንበኛ ሻይ ልጋብዛችሁ ሲላቸው እኩል እጃቸውን ያነሳሉ፤ ደንበኛውም "እናንተስ ጸድቃችኋል" ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም ይህቺን ቃል ላለማጣት ሲሉ ምን እንደሚያደርጉ አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም ነበር።

ረፋዱ ላይ ዩሱፍ የባለሦስት መቀመጫውን ሶፋ ክንድ ለመሙላት ስፖንጅ አስፈለገው። ስፖንጁ የሚቆለለው ከጀርባ ባለው ጠባብ ክፍል ነው። መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ ቀለመወርቅ ስፖንጅ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ ቁራጭ ዳቦ አድርጎ፣ የተላጠ ሙዝ በእጁ ይዞ አገኘው። አፉ ሙሉ ነበር። ተያዩ። ቀለመወርቅ ማላመጡን አቆመ፤ መዋጥም መትፋትም አልቻለም።

"ዋጠው በናትህ፣ ታንቀህ እንዳትሞትብኝ" አለ ዩሱፍ።

ቀለመወርቅ ዋጠው። ጆሮው ቀላ።

"ስኳር አለብኝ" አለ ቀስ ብሎ። "አምና ነው ያገኙብኝ። ክኒኑን ጠዋት ምግብ ሳልበላ ከወሰድኩት ይጥለኛል። የነፍስ አባቴ ጠርተው ቁጣ ተቆጡኝ። 'ራስህን ግደል ያለህ ማን ነው? ብላ፣ መድኃኒትህን ውሰድ፣ ከሥጋና ከቅቤው ተከልከል፣ ይበቃሃል' አሉኝ።"

"ታዲያ ፈቅደውልህ ከምን ትደበቃለህ?"

"ካንተ ነዋ!"

"ከኔ?"

"አንተ ውሃ ሳትቀምስ እዚያ ቆመህ ስትመታ ስትሰፋ እያየሁ፣ እኔ ፊትህ ዳቦ ልግመጥ? የሃይማኖቴም ነገር አለ። ክርስቲያኖቹ መጾም አቃታቸው እንድትል አልፈልግም።"

ዩሱፍ ሳቁ መጣበት። በዚህ እድሜው፣ ባለ ልጅ ሰው፣ እንደ ሌባ ስፖንጅ ውስጥ ተወሽቆ ሙዝ ሲበላ! "ደግሞ ሙዝ በባዶ ሆድ!" አለ እየሳቀ። "መህዲ ቢያይህ ነው ደስ የሚለው።" ሳቁ ሳያልቅ ግን ሆዱ ላይ የሆነ ነገር ጨመደደው። ላብ ከግንባሩ ፈሰሰ፤ ክፍሉ ጨለመበት። የሚጨብጠው ፈልጎ ሲያጣ ስፖንጁ ላይ ቁጭ አለ።

"ዩሱፍ! ምን ሆንክ? አንተ!"

ቀለመወርቅ ሙዙን ጥሎ ደገፈው። ለዩሱፍ የጓደኛው እጅ ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ከዚህ ሰውዬ ምን እደብቃለሁ የሚል ሐሳብ መጣለት።

"ቀለሜ፣ ዛሬ ሌሊት የወጣኝ ነገር ጥቁር ነው" አለ። "ሬንጅ ነው የሚመስለው።"

ቀለመወርቅ በሩን ቆልፎ ባጃጅ ጠራ።

ቤቴል ያለችው ክሊኒክ ውስጥ ያየችው ሐኪም ጉዲቱ የምትባል ወጣት ናት። ሆዱን በጣቶቿ ጫን ጫን አድርጋ ነካካችው፣ የደም ግፊቱን ለካች፣ ደም አስወሰደች። ዩሱፍ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ መንገድ ላይ ያዘጋጀውን አስረዳት።

"ዶክተር፣ የኔ ችግር የታወቀ ነው። በባዶ ሆድ ብርቱካን ስለምበላ ነው። ሲያፈጥሩ ፍራፍሬ ጥሩ ነው ተብዬ ነበር።"

"ብርቱካን ሳይበሉ የዋሉበት ሳምንት የለም?"

"አለ።"

"ያን ጊዜ አላመመዎትም?"

ዩሱፍ ጣሪያውን አየ። "እሱማ አሞኛል።"

"ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ለራስ ምታት፣ ለወገብ?"

"ለወገቤ አለች፣ አንድ ክኒን። ሥራችን ማጎንበስ ነው። ከፋርማሲ ነው የምገዛት፤ ምንም አትልም።"

"መቼ ነው የሚወስዷት?"

"ስናፈጥር ነዋ። በመጀመሪያው ውሃ።"

ጉዲቱ ብዕሯን አስቀመጠች። "ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ላይ?"

እቤት ስለ ብርቱካን፣ ስለ አናናስ፣ ስለ ፓፓያ ስንት ተብሏል። መህዲም ፋሪዳም ፈትያም ስለዚያች ትንሽ ነጭ ክኒን ትንፍሽ ያሉበት ቀን ትዝ አላለውም። እሱ ራሱም እንደ ውሃው ነበር የሚቆጥራት።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ጉዲቱ አነበበችና ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

"ጋሼ፣ ብርቱካኑ ምን አጠፋ? ጤነኛ ሆድ በባዶውም ብርቱካን ቢገባበት ይፈጨዋል፣ ከምግብ በኋላም ቢገባበት ይፈጨዋል። የርስዎ ሆድ ግን የቆሰለ ይመስላል። ቁስል ላይ ደግሞ ኮምጣጣ ሲፈስ ያቃጥላል። ያ ጥቁሩ ነገር ደም ነው። ደምዎ ትንሽ ወርዷል፤ ግፊትዎ ግን ደህና ነው። ነገ ጠዋት ይህን ወረቀት ይዘው ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ ያዩልዎታል። እንደገና ከጠቆረ ወይ ደም ካስመለስዎ ግን ነገን አይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል።"

"እሺ። ክኒኗን ዛሬውኑ እተዋለሁ፤ ወላሂ እተዋለሁ።"

"እሷን መተው የግድ ነው። ጾሙንም እንደዚያው።"

"ክኒኗን ከተውኩ ጾሙ ምን አደረገ?"

"ይህን መድኃኒት ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ቶሎ ቶሎ ይበላሉ። ዘንድሮ ጾም የለም።"

"ዛሬን ብቻ ልጨርስ። ግማሹን ይዤዋለሁ እኮ።"

ጉዲቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጋሼ፣ ደም እየፈሰሰዎት ነው። ቤትዎ እንደደረሱ ለስላሳ ነገር ይብሉ።"

ዩሱፍ ጫማውን ፈልጎ አጠለቀ። አፈረ። ለምን እንዳፈረ ቢጠየቅ መልስ አይኖረውም ነበር፤ ማንም አልሰደበው፣ ምንም አልሰረቀ። ብቻ ከአባቱ የተቀበለውን ዕቃ መንገድ ላይ የጣለ ሰው ሆኖ ተሰማው።

ባጃጁ ውስጥ ቀለመወርቅ መድኃኒቱን በጉልበቱ ይዞ ከጎኑ ተቀምጧል።

"ምክር ልስጥህ?" አለ መንገዱ ሲጋመስ ቀለመወርቅ። "ጓዳ ገብተህ ብላ። ልጅቷም አታይህም፣ ሰፈሩም አይሰማም። ፈጣሪ እንደሆነ ያውቃል።"

"ስፖንጁ ላይ ሆኜ?"

ቀለመወርቅ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። "አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የበላሁት" አለ። "ደስ አይልም።"

ፋሪዳ ዩሱፍን በዚያ ሰዓት በር ላይ ስታየው ገና ሳይናገር ገባት። ሳሎን አስቀምጣው ሁሉንም ሰማች፤ ስለ ጥቁሩ፣ ስለ ክኒኗ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ጾሙ። የምትጮህበት መስሎት ነበር። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየች።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለች። "መስጊድ በር ላይ ግድግዳ ተደግፈህ እንደምትቀመጥ አላውቅም መሰለህ? ፈትያ ነግራኛለች።"

"አውቀሽ ነው ታዲያ ስለ ብርቱካን ስትጨቃጨቂ የከረምሽው?"

"ምን ላድርግ? ጾምህን ተው ብልህ ትሰማኝ ነበር? እሱን ልቀማህ አልችልም። ብርቱካኑን ግን መቀማት እችል ነበር።"

ዩሱፍ ስንት ምሽት በዚያ ሳህን ስትነታረክ ሴት ነገር ማብዛቷ ነው ብሎ አልፏታል። አሁን እጇን ሊይዝ ፈለገ፤ በጾም ቀን ልማዱ ስላልሆነ አመነታ፤ ከዚያ ያዘው። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

"በኔ ፈንታ በየቀኑ አንድ የተቸገረ ሰው እናበላለን" አለ። "ሸሪዓው ለማይችል ሰው ያለው እሱን ነው፤ ከዳንኩ ደግሞ የጎደለውን እጾማለሁ።"

"ከዛሬ ጀምሬ አበላለሁ። አንተ ብቻ ዳን።" ተነሳች። "የአጃ ሾርባ አለ፤ ላሙቅልህ። መኝታ ቤት ግባና ብላ፤ በሩን እዘጋልሃለሁ። ሰልዋ አሁን ነው የምትመጣው፤ በጾሙ ምክንያት ቀደም ብለው ይለቋቸዋል።"

ዩሱፍ መኝታ ቤት ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፋሪዳ ሾርባውን በጎድጓዳ ሳህን አምጥታ አስቀመጠችለትና በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ክፍሉ ጭር አለ። ማንኪያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ቢስሚላህ ሊል አፉን ሲከፍት እንባው መጣ። ከእናቱ ቀብር ወዲህ አልቅሶ አያውቅም ነበር፤ አሁን በአጃ ሾርባ ፊት አለቀሰ። ሲበቃው ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

የግቢው በር ተንኳኳ። የሰልዋ ድምፅ ከፈትያ ልጅ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ገባ። "እስካሁን ውሃም አልጠጣሁም! አላመንሽም? ምላሴን እዪው!" ስትል ሰማት። ድምጿ የደከመ ነው፤ ኩራት ግን አለበት። ዩሱፍ ይህን ኩራት ያውቀዋል። ለእሷ አዘነ፤ ለራሱም አዘነ።

ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘና በሩን በክርኑ ገፋ። ሳሎን ወጥቶ የዘወትር ቦታው ላይ፣ መስኮቱ ስር ተቀመጠ። ከጓዳ ብቅ ያለችው ፋሪዳ "ውይ፣ ዩሱፍ" አለችና ባለችበት ቀረች። እሱ ቢስሚላህ ብሎ የመጀመሪያውን ማንኪያ ቀመሰ።

ሰልዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ እያወረደች ገባች። አባቷን አየችው፣ ሳህኑን አየችው። ለአፍታ ፊቷ ጭንቅ አለ፤ ከዚያ ወዲያው መፍትሔ አገኘችለትና በራች። ቁርዓን የምታስቀራት ኡስታዛ አስተምራታለች፤ ረስቶ የበላ ሰው ጾሙ አይበላሽበትም።

"አባዬ! ረስተህ ነው አይደል?" አለች ወደ እሱ እየሮጠች። "ችግር የለም እኮ! ረስቶ የበላ ሰው አይቆጠርበትም። አሁን ማቆም ብቻ ነው ያለብህ።"

ፋሪዳ ከጓዳው በር ላይ አየችው። አዎ ቢል ያበቃል። ልጅቷ ትደሰታለች፣ ነገም "እንደ አባዬ" ትላለች፣ እሱም ከነገ ጀምሮ በሩን ዘግቶ ይበላል።

"አልረሳሁም፣ ሰልዋዬ" አላት። "ታምሜያለሁ።"

ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት፤ እሷም ቦርሳዋን እንደያዘች ተቀመጠች። ዩሱፍ እያየችው ሁለተኛውን ማንኪያ ጠጣ።